«ለማን መረጥክ?»፦ የምርጫ ሳምንት ጉዞ ከፍራንክፈርት እስከ ፕራግ

እሑድ፣ ጥቅምት 24 (ኖቬምበር 3፣ 2024)፣ ፍራንክፈርት

ጉዞውን በምርጫው ሳምንት ያደረግኩት አውቄ ነው። ድምፄን አስቀድሜ ሰጥቻለሁ። ቤት ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ላይ ከማፍጠጥ፣ የአሜሪካ ምርጫ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። ፍራንክፈርት አብሮ አደጌ አለ። በርሊንንና ፕራግን ደግሞ አይቻቸው አላውቅም።

ጥያቄው ገና ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ጀመረ። ወጣቱ ፖሊስ ሰማያዊውን ፓስፖርት ገለጥ ገለጥ አደረገና «ምርጫው ማክሰኞ አይደል እንዴ?» አለኝ። «መርጬ ነው የመጣሁት» አልኩት። ማኅተሙን መታና «ታዲያ ማን ያሸንፋል?» አለ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጆሮውን ቀስሯል።

አብሮ አደጌ ቤት ምሳ ደርሶ ጠበቀኝ። ጎረቤታቸው አብራን በላች። ጀርመናዊት ናት፣ ነርስ። እንጀራውን ከእኔ በተሻለ እየጠቀለለች ትጠይቀኛለች። ከምርጫው ቀን በፊት እንዴት ይመረጣል? ማን ይፈቅዳል? እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በእኛ ግዛት ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው ጀምሮ መምረጥ ይቻላል። ዘንድሮ ሴፕቴምበር 20 ላይ ተከፍቷል። የሌላው ግዛት ሕግ ሌላ ነው። ይህን ስላት መብላቷን አቆመች። ለአንድ ፕሬዚዳንት 50 ዓይነት ሕግ?

ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ፤ ይህን መመለስ ደስ ይለኛል። ዓለም የሚያየው ሁለት ስም ነው። እኔ እጅ ላይ የነበረው ወረቀት ግን ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው። ፕሬዚዳንት አለ። ሴናተር አለ። የተወካዮች ምክር ቤት አባል አለ። ከዚያ ከንቲባው፣ የከተማው ምክር ቤት፣ የትምህርት ቤት ቦርዱ ይከተላሉ። አንድ የሕገ መንግሥት ጥያቄም ነበረበት። ውጊያ ላይ ለተገደለ ወታደር ባለቤት የሚሰጠው ከቤት ግብር ነፃ የመሆን መብት፣ በሌላ ግዳጅ ላይ ለሞተ ወታደር ባለቤትም ይሰጥ ወይ? ይላል። ከምትመርጠው ጎን ያለችውን ሞላላ ክብ በጥቁር እስክሪብቶ ታጠቁራለህ። ከዚያ ወረቀቱን ራስህ ወደ ማሽኑ ታስገባለህ። ማሽኑ ሲውጠው ይታወቅሃል።

እሷ ምዝገባ የሚባል ነገር አታውቅም። ጀርመን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚኖርበትን አድራሻ ስለሚያስመዘግብ ምርጫ ሲደርስ ደብዳቤው ቤቱ ይመጣል። በእኛ አገር ከሰሜን ዳኮታ በስተቀር መጀመሪያ በመራጭነት መመዝገብ ግድ ነው። ይህ ብቻውን ስንቱን ከምርጫ እንደሚያስቀር ነገርኳት።

በመጨረሻ የማይቀረው መጣ። «ለማን መረጥክ?» ይህን አልመልስም። ድምፅ በምስጢር የሚሰጠው በምክንያት ነው። ደግሞም ስሙን ከጠራሁ በኋላ የምለው ሁሉ የደጋፊ ወሬ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ በትክክል መመለስ እፈልጋለሁ። ዜግነት ስወስድ 100 ጥያቄ አጥንቻለሁ። ያኔ ከሚጠየቁት 10 ውስጥ 6 መመለስ ይበቃ ነበር። አሁን ግን የሚጠይቁኝ ሰዎች 6 አይበቃቸውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25 (ኖቬምበር 4)፣ ወደ በርሊን

ፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከፊት ለፊቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት ተቀምጠዋል። ጋዜጣቸው ላይ የሁለቱ ተወዳዳሪዎች ፎቶ አለ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ጋዜጣውን አጠፉት። «እስቲ ይህን አስረዳኝ» አሉ። «ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰው እንዴት ይሸነፋል?»

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና 538 ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ 435፣ 100 እና 3 አልኩ። የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ፣ የሴኔት መቀመጫ፣ ለዋሽንግተን ከተማ ደግሞ 3። ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የየግዛቱ ወኪሎች ስብስብ፣ ይኸው ነው። 270 ያገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር፣ በአንድ ግዛት ያሸነፈ የግዛቱን የውክልና ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። በአንድ ድምፅ አሸነፈ፣ በሚሊዮን አሸነፈ፣ ለውጥ የለውም።

መምህርቷ እስክሪብቶውን ተቀበሉኝና ማካፈል ጀመሩ። ዋዮሚንግ ከ600 ሺህ በታች ሕዝብ ይዛ 3 አላት። ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ገደማ ይዛ 54። ዋዮሚንግ ላይ አንዱ የውክልና ድምፅ 200 ሺህ ሰው አይሞላም። ካሊፎርኒያ ላይ ከ700 ሺህ ያልፋል። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

2000 ላይ አል ጎር በአገር አቀፍ ድምፅ ግማሽ ሚሊዮን ያህል በልጦ ነበር። ጆርጅ ቡሽ ግን ወደ 6 ሚሊዮን ሰው በመረጠባት ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ በልጦ ፕሬዚዳንት ሆነ። 2016 ላይ ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ያህል በልጣ ተሸነፈች። «ታዲያ ለምን አትቀይሩትም?» አሉ። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል በተለመደው መንገድ የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ከ50ው ግዛት 38ቱ መስማማት አለባቸው። በዚህ ሥርዓት የምትጠቀም ትንሽ ግዛት ደግሞ በገዛ እጇ አትፈርምም።

ከዚያ ወደ ታሪኩ ገባን፤ እሳቸውም ሙያቸው ነው። በ1787 ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች ትልቁንና ትንሹን ግዛት ማስታረቅ ነበረባቸው። የደቡቡ ባለ ባሪያ ደግሞ ባሪያዎቹ ለውክልና እንዲቆጠሩለት ፈለገ። አንድ ባሪያ እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው እንዲቆጠር ተስማሙ። የተቆጠረለት ግን ጌታው እንጂ ባሪያው አልነበረም። መምህርቷ ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ «ይህን ለልጆቻችሁ ታስተምራላችሁ?» አሉኝ። አዎ፣ እናስተምራለን። ምን ያህልና እንዴት የሚለው ላይ ግን በየትምህርት ቤት ቦርዱ ጠብ አለ። ለዚህም ነው ወረቀቴ ላይ የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ስለነበረበት የምኮራው።

በመንገዱ ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሴትዮዋ በትውልድ ከየት ነህ ብለው አልጠየቁኝም። አሜሪካዊ ነኝ አልኩ፣ እንደ አሜሪካዊ ጠየቁኝ። ልቤ ሞላ።

ተራዬ ደርሶ እኔም ጠየቅኩ። ጀርመኖች ለፓርላማ ሁለት ድምፅ አላቸው፤ አንዱ ለአካባቢው ተወዳዳሪ፣ አንዱ ለፓርቲ። በፓርቲው ድምፅ 5 በመቶ ያልሞላ ፓርቲ በአብዛኛው ፓርላማ አይገባም። የአሁኑ መንግሥታቸው የሦስት ፓርቲዎች ጥምረት ነው። «እርስ በርሳቸው ተባልተዋል» አሉ መምህርቷ። «እስከ ገና ከቆዩ ይገርመኛል።» እኔ ይህን እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26 (ኖቬምበር 5)፣ በርሊን

የብራንደንበርግ በርን ጠዋት አየሁት። የአሜሪካ ኤምባሲ አጠገቡ ነው። ሰው ሁሉ በሩን ፎቶ ያነሳል፤ የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ግን ካሜራቸውን ወደ ኤምባሲው አዙረዋል። ቀኑን ሙሉ በእግሬ ዞርኩ። ስለ ከተማዋ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ምሳዬን ዶነር ቤት በላሁ። ባለቤቱ በትውልድ ቱርክ ነው፣ ሥጋውን ሲቆርጥ ወሬ አያቋርጥም። «ለምን ማክሰኞ? ሰው ሥራ ላይ አይደለም እንዴ?» ልክ ነው፣ ሥራ ላይ ነው። ሕጉ የወጣው በ1845 ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው ገበሬ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ረቡዕ በብዙ ቦታ ገበያ ነው፣ ወደ ምርጫ ጣቢያው በፈረስ ጋሪ ለመድረስ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ማክሰኞ ለሁሉም ይመቻል ተባለ። ገበሬው አለቀ፣ ማክሰኞ ቀረ። እኔ በምኖርበት ሰፈር ሁለት ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ሞልቷል። ቨርጂኒያ አስቀድሞ መምረጥን ለሁሉም ባትፈቅድ ኖሮ ስንቱ ይቀር እንደነበር አስባለሁ።

«እኛ ዘንድ ግን ሰው ይመርጣል» አለ። እውነቱን ነው። በ2023ቱ የቱርክ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ከ85 በመቶ በላይ ሰው ወጥቷል። በአሜሪካ 2020 ላይ የመረጠው መምረጥ ከሚችለው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው፤ ይህም ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ብዛት ተብሎለታል።

ከዚያ ዋናውን አመጣ። «ሁለት ፓርቲ ብቻ ለምን? 330 ሚሊዮን ሰው ሁለት ሐሳብ ብቻ ነው ያለው?» ሮስ ፔሮ ስለሚባል ሰው ነገርኩት። ቴክሳሳዊ ባለሀብት ነበር። በ1992 ከሁለቱም ፓርቲ ውጭ በግሉ ተወዳደረና 19 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ። የውክልና ድምፅ ግን ዜሮ። አንድም ግዛት አላሸነፈማ። ሰውዬው ቢላዋውን አስቀመጠ። «19 በመቶ? እዚህ በ19 በመቶ ሚኒስትር ትሆናለህ!» ሦስተኛ ፓርቲ የማይበቅለው ሕዝቡ ሐሳብ ስላጣ አይደለም፤ ጠቅልሎ የሚወስድ ሕግ ስላለ ነው። ሁለተኛ የወጣ ምንም የማያገኝ ከሆነ፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁን የሚያባክን ጥቂት ነው።

ማታ ሆቴል ገብቼ ትንሽ ጋደም አልኩ። አንድ ነገር ደስ አለኝ። በርሊን ከዋሽንግተን 6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ በርሊን ሆኜ ሰዓቱን በሐበሻ ስቆጥር ቁጥሩ ከዋሽንግተን ጋር ገጠመ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 7 ሰዓት ነው፤ የቨርጂኒያ ምርጫ ጣቢያዎች የሚዘጉበት ሰዓት። እናቴ ያስተማረችኝ ሰዓት ለዚህ ሌሊት ሆነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27 (ኖቬምበር 6)፣ በርሊን

እንቅልፍ የለም። ጆርጂያና ሰሜን ካሮላይና ገና ሳይነጋ ተለይተው ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ፔንሲልቫኒያም ለዶናልድ ትራምፕ መሆኗ ተነገረ፤ እሱም ፍሎሪዳ ላይ ደጋፊዎቹ ፊት ቆሞ ይናገራል። 5 ሰዓት ከ34 ላይ አሶሺየትድ ፕሬስ ውድድሩ አለቀ አለ።

ቁርስ ላይ አሜሪካዊው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት ልጅ ቡናዬን ራሷ ይዛልኝ መጣች፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ለአንዱ ለቅሶ ነው፣ ለአንዱ ሠርግ ነው፣ እኔ ግን ገና ሒሳቡን እያየሁ ነው አልኳት። ጥያቄዋ ጥሩ ነበር። «ማን ነው ያወጀው? የምርጫ ቦርዳችሁ ማን ይባላል?» የለንም። ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሆነ በዚያች ሌሊት የሚያውጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሜሪካ ውስጥ የለም። የሚቆጥረው የየአካባቢው ሹም ነው። የዜና ድርጅቶች ቁጥሩን ሰብስበው ይናገራሉ፤ አሶሺየትድ ፕሬስ ይህን ሲሠራ ከ1848 ጀምሮ ነው። ከዚያ ግዛቶቹ ያጸድቃሉ። ወኪሎቹ በዲሴምበር 17 በየግዛታቸው ይመርጣሉ። ጃንዋሪ 6 ኮንግረስ ይቆጥራል። ጃንዋሪ 20 ቃለ መሐላ ነው። ጃንዋሪ 6 ስል ልጅቷ ቀና አለች። በ2021 በዚያ ቀን የትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን ሰብረው ሲገቡ ሁሉም ሰው አይቶታል። ያንን ቀን ማስረዳት አይከብደኝም፤ መናገሩ ነው የሚያመኝ። ካፒቶል ከቤቴ በመኪና ሩቅ አይደለም።

ከጎኔ የተቀመጡት ስፔናውያን ባልና ሚስት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለምን?» ለዚህ አጭር መልስ የለም፤ የሰማሁትን ነገርኳቸው። በጁን 2022 የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ40 ዓመት ያልታየ። ከዚያ ወረደ። ነገር ግን ንረቱ ወረደ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም። ዕንቁላልና የቤት ኪራይ ሲከፍል የቆየ ሰው የኢኮኖሚስቱን ግራፍ አያይም። ድንበሩም አለ፣ ጋዛም አለ፣ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው የፅንስ ማቋረጥ መብትም አለ። እኔ አንድ ዕድር ውስጥ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ። አብረው ድንኳን ይተክላሉ፣ አብረው ይቀብራሉ፣ ምርጫ ላይ አይገናኙም። አሜሪካኖች እንዲህ ናቸው ብሎ በአንድ አፍ የሚናገር ሰው እኔን ጨምሮ ዕድራችንን አያውቅም።

እስከ ምሳ ድረስ ያገኘኝ ሁሉ የጠየቀኝ ስለ አንድ ሰው ነው። ምን ያደርጋል? ምን ያስባል? ያመዋል? ይረጋጋል? ገባኝ፤ የእሱ ውሳኔ እነሱ ደጅ ድረስ ይመጣል። ግን ስለ ሰውዬው ጠባይ ከእነሱ የበለጠ የማውቀው የለኝም። የማውቀው ሕጉን ነው፤ ምን ማድረግ ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ማን ያስቆመዋል፣ ማን ዝም ካለ ይፈቀድለታል። ጥያቄውን ወደዚያ በመለስኩት ቁጥር አንዳንዱ ይሰለቻል። አንዳንዱ ግን ወንበሩን ይስባል።

ከሰዓት በኋላ ራይሽስታግ ወጣሁ። ጣሪያው ላይ ያለው የመስታወት ጉልላት በነፃ ይጎበኛል፣ አስቀድሞ መመዝገብ ብቻ ነው። እየተጠማዘዝክ ስትወጣ ሥርህ የፓርላማው አዳራሽ ነው። ሰማያዊዎቹን ወንበሮች ከላይ አየኋቸው። ሕዝቡ ከተወካዮቹ በላይ ይራመድ ብለው ነው እንዲህ የሠሩት። ሐሳቡን ወደድኩት።

ማታ ሆቴሉ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አሁንም ስለ አሜሪካ ያወራል። ድንገት ዜናው ተቀየረ። መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልስ የገንዘብ ሚኒስትሩን ክርስቲያን ሊንድነርን አባረሩ። የጠቡ ሥር የበጀት ጉዳይ ነው፤ ሕገ መንግሥታቸው በብድር ላይ ጥብቅ ገደብ አለው፣ ይላላ ወይስ አይላላ ነው ክርክሩ። በአንድ ምሽት ሦስቱ ፓርቲ ሁለት ቀሩ፣ የፓርላማ ብልጫውም ጠፋ። መምህርቷ ትዝ አሉኝ።

ጠዋት ስትጠይቀኝ የነበረችው ልጅ አሁን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። አሁን ጠያቂው እኔ ሆንኩ። ቀጥሎ ምን ይሆናል? ማን ያስተዳድራል? ቁጭ ብላ በትዕግሥት አስረዳችኝ። መራሔ መንግሥቱ ፓርላማውን የመተማመኛ ድምፅ ይጠይቃል። ካጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ፓርላማውን እንዲበትን ሊጠይቅ ይችላል፤ ከተበተነ በ60 ቀን ውስጥ ምርጫ ነው። (ኋላ ሾልስ ድምፁን ዲሴምበር 16 ላይ አጡ፤ ምርጫውም ለፌብሩዋሪ 23 ተቆረጠ።) «በእናንተ አገር ይህ ይሆናል?» አለችኝ። አይሆንም። ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስን መበተን አይችልም። ኮንግረስም ስላልተመቸው ብቻ ፕሬዚዳንቱን አያወርድም፤ ክስና የሴኔት ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ሁሉም ዘመኑን ይጨርሳል።

«ታዲያ ሲጣሉስ?» አለች። ሲጣሉ መንግሥት ይዘጋል። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ 35 ቀን ተዘግቶ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው በኋላ ደመወዙ ተከፈለው። ሕንፃውን የሚያጸዳውና የሚጠብቀው የኮንትራት ሠራተኛ ግን ያለፈው አለፈበት። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው በዚህ ሥራ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የእናንተ ይሻላል ወይስ የእኛ ብትለኝ፣ መንግሥት ሲፈርስ ምርጫ መጥራት፣ መንግሥት ሳይፈርስ የጽዳት ሠራተኛን ደመወዝ ከመቁረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ይህን ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28 (ኖቬምበር 7)፣ ወደ ፕራግ

ትናንት ሌሊት ካማላ ሃሪስ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሽንፈቷን ስትቀበል አየሁ። ሃዋርድ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው፣ ግቢውን አውቀዋለሁ። ተሸናፊ ወጥቶ ተሸነፍኩ ሲል ማየት በዚህ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

ባቡሩ ከድሬስደን በኋላ የኤልባን ወንዝ ይዞ ይሄዳል። ገደሉ ያምራል። አጠገቤ ዩክሬናዊት ነበረች፣ ልጇ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። የጠየቀችኝ አንድ ብቻ ነው። «ይተዉናል?» ኮንግረስ በአፕሪል 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለዩክሬን እንደፈቀደ፣ ከዚያ በፊት ለወራት እንዳንጠለጠለው፣ ሴኔቱ አሁን ወደ ሪፐብሊካኖች እንደዞረ ነገርኳት። ሁሉንም ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። ቃል ልገባላት አልቻልኩም። ለልጇ ብርቱካን ሰጠሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29 (ኖቬምበር 8)፣ ፕራግ

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን ሐውልት አለ። ቼኮዝሎቫኪያ በ1918 ነፃ አገር ስትሆን ደግፏል። የመጀመሪያውን ሐውልት በ1928 አቆሙት፣ በ1941 ናዚዎች አፈረሱት፣ በ2011 እንደገና ተተከለ። ዊልሰን በአገሩ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁሩን ከነጩ እንዲለይ የፈቀደ ሰው ነው። እኔ በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ቆሜ ጥቂት አየሁት።

ከዚያ በወንዙ ዳር ወዳለው የያን ፓላክ አደባባይ ሄድኩ። የቻርለስ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፋኩልቲ እዚያ ነው። በዲሴምበር 21፣ 2023 አንድ ተማሪ ተኩሶ እዚያ ውስጥ 14 ሰው ገደለ። ደረጃው ላይ ከተቀመጠ ተማሪ ጋር ወሬ ጀመርን። አሜሪካዊ መሆኔን ሲሰማ ዝም አለ። ስለ መሣሪያ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ አብዛኛው ራሱን እየነቀነቀ ነው። ይህ ልጅ ግን ራሱን አልነቀነቀም። «እናንተ ከሆነ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?» አለኝ።

ስለ እኔ ግዛት ጀመርኩ። በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ ላይ 32 ሰው ተገደለ። በ2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች። ከዚያ በኋላ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ጀርባው በሰፊው እንዲጣራ የሚል ሐሳብ በአፕሪል 2013 ሴኔት ቀረበ። 54 ለ46 ሆነ።

«አለፈ ማለት ነዋ» አለ።

አላለፈም። በሴኔቱ ደንብ ክርክሩን ለመዝጋት 60 ያስፈልጋል። ልጁ በጣቱ ድንጋዩ ላይ 54 ጻፈና ቆየ። በ2022 ግን ዩቫልዴ ላይ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ከተገደሉ በኋላ መጠነኛ ሕግ አለፈ፤ ወደ 30 ዓመት ገደማ እንዲህ ያለ ሕግ አልወጣም ነበር። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት ይጠብቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 መብቱ የግለሰብ ነው ብሎ ወስኗል። ቼኮችም በ2021 ራስን በመሣሪያ የመከላከል መብትን መሠረታዊ መብቶቻቸው ውስጥ አስገብተዋል፤ ልጁ ነው የነገረኝ። ልዩነቱ፣ እዚህ ፈቃድ ለማግኘት ፈተናና የጤና ምርመራ አለ፤ ከግድያው በኋላ ደግሞ ፓርላማው በጥቂት ወራት ውስጥ ሕጉን አጠበቀው። እኛ አንድ ሕግ ለማውጣት ከሳንዲ ሁክ እስከ ዩቫልዴ ድረስ ስንት ልጅ ቀበርን። ስለ አገሬ ከተጠየቅኩት ሁሉ በዚህ ነው አንገቴን የምደፋው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30 (ኖቬምበር 9)፣ ፍራንክፈርት

በአውቶቡስ ተመለስኩ፣ ረጅም መንገድ ነው። አብሮ አደጌ ቤት ስደርስ ቡና ይፈላል። ቴሌቪዥኑ የበርሊን ግንብ የፈረሰበትን 35ኛ ዓመት ያሳያል። ሳሎኑ በሐበሻ ሞልቷል፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ የሌለው የለም። የአብሮ አደጌ ልጅ «አንተ ፕሬዚዳንት መሆን ትችላለህ?» አለኝ። አልችልም፣ በትውልድ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። «ልጅህስ?» እሷ አሌክሳንድሪያ ነው የተወለደችው። 35 ዓመት ይሙላት እንጂ ትችላለች።

አንዱ ዲቪ ይቀራል ወይ ብሎ ጠየቀ። የዘንድሮው መመዝገቢያ ሐሙስ ነው የተዘጋው። ዲቪ በ1990 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ነው፤ ፕሬዚዳንት ብቻውን አይሰርዘውም። ግን በ2020 ትራምፕ በአዋጅ ለጊዜው አስቆሞት እንደነበር አልደበቅኩም።

ጥግ ላይ የተቀመጡ እናት ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቁ። «አንተ ልጄ፣ እኔ ፖለቲካውን አላውቅም» አሉ። ሴት ልጃቸው ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ ዜጋ ናት። ባሏ አዲስ አበባ ነው። ማመልከቻው ከገባ ቆየ፣ ፋይሉ አልተንቀሳቀሰም። «አዲሱ ሰውዬ ሲመጣ ይዘጉታል?»

አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። የዜጋ ባል ወይም ሚስት በሕግ የቁጥር ገደብ የለባቸውም፣ ያንን የሚቀይረው ኮንግረስ ነው አልኳቸው። ፕሬዚዳንት ግን ከተወሰኑ አገሮች መግባትን በአዋጅ ሊገድብ ይችላል፤ ትራምፕ በ2017 አድርጎታል፣ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 አጽንቶለታል። ኢትዮጵያ ያኔ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። እማማ፣ አይዞዎት ብቻ ብዬ ልሸኝዎት አልፈልግም አልኳቸው።

ከዚያ የሚሠራውን ነገርኳቸው። እያንዳንዱ የኮንግረስ አባል የአካባቢው ሰው ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲዘገይ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉት። ለማን መረጥሽ ብለው አይጠይቁም። ቪዛውን አይሰጡም፣ ፋይሉ የት እንደቆመ ግን ይጠይቃሉ፤ ሲጠየቅ የሚንቀሳቀስ ፋይል አለ። ልጅዎ ራሷ የፈቃድ ፎርም ላይ መፈረም አለባት፣ እኔ በእሷ ስም አልችልም። ስልኳን ሰጡኝ፣ እዚያው ደወልንላት። ይህ እንዳለ አታውቅም ነበር። የምትኖረው ከእኔ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ወኪላችን አንድ ነው።

ነገ እበራለሁ። ሰኞ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የፋይሉን ቁጥር ይዛ ትመጣለች፣ ፎርሙን አብረን እንሞላለን።